ቢጫ ከሆነ ቶሎ አምጪው

«ዓይኑ ወይም ቆዳው ቢጫ ከሆነ ቶሎ አምጪው» አለቻት አዋላጇ፣ ልጁን ጠቅልላ እያስታቀፈቻት። ብርቅዬ ራሷን ነቀነቀች። ምን ታድርግ? ከኋላዋ ሌላ ወላድ አልጋውን ትጠብቃለች፤ ባሏ ወንዳፍራሽ ባጃጅ በር ላይ አስቁሞ ይጣደፋል። ደግሞስ አንዲት እናት «ቢጫ እኮ አይታየኝም» ብትል ማን ያምናታል? ዕውር ናት ይሏት ይሆናል። ዕውር አይደለችም። በመርፌ ቀዳዳ ክር ታስገባለች፤ መንገድ ዳር ቆማ የአለምገናን ታክሲ ታፔላ ከሩቅ ታነባለች። ጥሏት የሄደው ቢጫ ብቻ ነው።

ቢጫ ደግሞ ከሰው ዓይን እንዴት ይሄዳል ትሉ ይሆናል። ስሙኝማ። ብርቅዬ ሰበታ ካሉት የጫማ ፋብሪካዎች በአንዱ፣ ማስቲሽ ጠረጴዛ ላይ ነበር የምትሠራው። ሶሉን ማስቲሽ ትቀባለች፣ ትንሽ ታደርቃለች፣ ከላይኛው ጋር አጣብቃ ታሳልፋለች። መስኮት አይከፈትም፤ አቧራ ማስቲሹ ላይ ካረፈ ጫማው ይላቀቃል ተብሎ ነው። ጫማው እንዳይላቀቅ ሰው ይላቀቅ ማለት ነው መቼም! እኩለ ቀን ላይ የጠረጴዛው ሴቶች ሁሉ ጠጅ ቤት የዋሉ ይመስል ያለ ምክንያት ይስቃሉ፤ ማታ ደግሞ ራሳቸውን ይዘው ቤታቸው ይገባሉ። ፋብሪካው ለዚህ መድኃኒት አለው፤ ወተት። በየቀኑ አንዳንድ ብርጭቆ ወተት ይታደላል፣ «ኬሚካሉን ያጥባል» ይባላል። ወተት በየት በኩል ዞሮ ሳንባ እንደሚያጥብ የጠየቀ ሰው የለም።

አንዴ ቤተልሄም የምትባል ልጅ «ቀለም እየተምታታብኝ ነው» ብላ ለአለቃቸው ለአቶ እውነቱ ነግራው ነበር። አዘነላትና ከጠረጴዛው አነሳት፤ መጥረጊያ አስያዛት። ደመወዟም አብሮ ተጠረገ። ከዚያ ወዲህ ዓይኑ የከዳው ሁሉ አፉን ይዞ ይሠራል።

ብርቅዬ የራሷን ያወቀችው ሆዷ ከገፋ በኋላ ነው። የልጆች ጫማ ነበር፤ ግማሹ ሶል ነጭ፣ ግማሹ ፈዘዝ ያለ ቢጫ። አቶ እውነቱ አንድ ግራና አንድ ቀኝ አንጠልጥሎ መጣና አፍንጫዋ ሥር ደቀነባት።

«ንገሪኝ እስቲ፣ ይሄ ጥንድ ነው?»

አየችው። ጥንድ ነው። ግራና ቀኝ ነው። ሌላ ምን አለው? ይህን ጊዜ ከጎኗ የምትሠራው ሚንሃ ጣልቃ ገባች። «ኧረ አቶ እውነቱ፣ ነፍሰ ጡር አያመናጭቁ! ያው አንድ ናቸው እኮ!» አለችው። ብርቅዬ ሚንሃ ልትሸፍንላት መስሏት በልቧ መረቀቻት። አቶ እውነቱ ግን አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቢጫ መሆኑን ሲነግራት «ቸኩዬ ነው» ብላ ይቅርታ ጠየቀች።

ቤቷ ስትገባ የግቢውን ቢጫ ጀሪካን ትኩር ብላ አየችው። ነጣ ብሏል። ፀሐይ ነው ያነጣው አለች። የጎረቤቱንም አየችው፤ እሱም ነጣ ብሏል። ያረገዘች ሴት ዓይኗ ይፈዛል፣ ስትወልድ ይመለሳል ሲባል ሰምታ ስለነበር በዚያ ተጽናናች። ለወንዳፍራሽም አልነገረችውም፤ ገና ላልተወለደ ልጅ ሐሳብ የሚያስብ ሰው ላይ ሌላ ሐሳብ ምን ይጨመርበታል?

ይኸው ወለደች። ቢጫው አልተመለሰም።

ወንዳፍራሽ ልጁን ኤልቃና ብሎ ስም አውጥቶለት፣ ግንባሩን ስሞ፣ ቡራዩ ወዳለው የቤት ዕቃ ወርክሾፕ ተመለሰ። እዚያ ቫርኒሽ ረጪ ነው፤ ሥራ ሲበዛ እዚያው ያድራል። ብርቅዬ በተከራዩዋት አንድ ክፍል ቤት ከአራስ ልጇ ጋር ቀረች። አከራይዋ እትዬ ሮማነወርቅ ደግ ሴት ናቸው፤ አጥሚት እያፈሉ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ምች እንዳይመታት፣ የሰው ዓይን እንዳያርፍበት ብለው መስኮቱ ላይ ወፍራም ጋቢ ሰቀሉ። ቤቱ ቀን በቀን ጨለመ።

በዚያ ድንግዝግዝ ውስጥ ብርቅዬ ልጇን ታየዋለች። ታየዋለች፣ ታየዋለች። ዓይኑን በጣቷ ገለጥ አድርጋ ታያለች፤ ነጭ ነው። ግን ጀሪካኑም ነጭ ነበር። የእግሩን መዳፍ ታያለች፤ ምንም የለውም። ግን የጫማው ሶልስ? እናት ልጇ ቢያተኩስ በእጇ ታውቃለች፣ ቢርበው በጆሮዋ ታውቃለች፤ ቢጫን ግን በምን ትዳብሰዋለች?

«እትዬ፣ ልጁ መልኩ እንዴት ነው?» አለቻቸው፣ እንደ ዘበት አስመስላ።

እትዬ ሮማነወርቅ ጎንበስ ብለው አዩት። ትንሽ ቆዩ። «ቀይ ነው» አሉ። «በማን ወጣ? አንቺም ጠይም፣ አባቱም ጠይም!» ሳቅ አሉና አጥሚቱን አቀበሏት። ብርቅዬም ሳቀች። ቀይ ልጅ መውለድ ምን ክፋት አለው?

በማግስቱ ግን ልጁ ጡት መያዝ ሰነፈ። ይጎርሳል፣ ሁለቴ ሳብ ያደርጋል፣ እንቅልፍ ይጥለዋል። ጉንጩን ብትነካካው አይነቃም። ፎቶ አንስታ ለወንዳፍራሽ በቴሌግራም ላከችለት፤ «ቢጫ ይመስልሃል?» ብላ ጻፈችበት። «ኧረ ምንም አይልም፣ ቆንጆ! አታስቢ» ብሎ የልብ ምልክት ደረደረላት። ጨለማ ቤት የተነሳ ፎቶ ምን ያሳያል ብላ አሁንም አላመነችም።

ከሰዓት በኋላ የማስቲሽ ጠረጴዛ ሴቶች ሊጠይቋት መጡ። ሚንሃ አለች፣ ራቢአ አለች፣ ሌሎች ሁለትም ነበሩ። ቤቱ በአንዴ በጫጫታ ሞላ። አዋጥተው ለልጁ የገዙትን የሹራብ ልብስ ከነኮፍያው አልጋው ላይ ዘረጉት።

«ነጭ ይሁንለት ብለን ነው» አለች ሚንሃ። «ለአራስ ነጭ ነው የሚያምር። ነጋዴው ብቻ ምን እንዳሳቀው እንጃ፤ ‹ያንን ነጩን ስጠን› ብለን ስንጠቁመው ጥርሱን ገልፍጦ ሰጠን።»

«አንቺን አይቶ ነው ጥርሱን የገለፈጠው!» አለቻት ራቢአ። ሴቶቹ አውካኩ።

ብርቅዬ አልቻለችም። እንባዋ ግጥም አለ። «እስቲ ልጄን እዩልኝ» አለች። «ቢጫ ሆኖብኝ እንደሆነ እዩልኝ። እኔ ጨለማው ነው መሰል አልለይ አለኝ።»

ሁሉም ግር ብለው ተነሡ። ቀልድ ቀረ። ራቢአ ልጁን ታቅፋ በሩ ድረስ ወሰደችው፣ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው፣ ሌሎቹ ከበቡት። ዓይኑን ገለጡ፣ ድዱን አዩ፣ ሆዱን ገልጠው አዩ።

«ወላሂ ምንም የለውም!» አለች ራቢአ። «ዓይኑ ወተት ነው! ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ በቃ!»

«እኔም አየሁት። ንጹሕ ነው» አለች ሚንሃ።

አራት ሴት፣ ስምንት ዓይን፣ በጠራራ ፀሐይ! ብርቅዬ ከወለደች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሿ ሆዷ ድረስ ወረደ። አያለቅስምም ስትላቸው «ጨዋ ልጅ ሰጠሽ፣ ምን ትፈልጊያለሽ?» አሏት። በልተው ጠጥተው፣ መርቀው ወጡ። እሷም ልጇን አዲሱን ልብስ አልብሳ፣ አጠገቡ ጋደም አለች። እንቅልፍ እንኳ ሸለብ አደረጋት።

የነቃችው እትዬ ሮማነወርቅ ሲገቡ ነው። ዕቃ ሊያነሡ ጎንበስ ሲሉ ዓይናቸው ልጁ ላይ አረፈ።

«ውይ፣ ምነው ቢጫ ለበሰ?» አሉ። «ነጭ ጠፍቶ ነው? ልጁ ራሱ…» አሉና አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

ብርቅዬ ቀና አለች። «ምኑ ነው ቢጫ?»

«ልብሱ ነዋ። ሹራቡ።»

«ሹራቡ ነጭ ነው፣ እትዬ።»

«ምን ነካሽ ልጄ፣ ቅቤ የመሰለ ቢጫ ነው እንጂ!»

እንግዲህ ያን ጊዜ ነው ብርቅዬ የገባት። ሹራቡን አየችው። ነጭ ነው። አራቱም ሴቶች ሱቅ ገብተው ነጭ ብለው መርጠውታል፤ ነጋዴው የሳቀው ለካ ለሚንሃ ብሎ አይደለም። ሚንሃም ያን ቀን ልትሸፍንላት አልነበረም፤ ሶሎቹ ለሷም አንድ ሆነው ታይተዋት ነው። የጠየቀችው ማንን ኖሯል? እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ እዚያው ማስቲሽ ላይ አብረዋት ያቀረቀሩትን! ስምንት ዓይን አለች እንጂ አንድም ዓይን አልነበረም።

«እትዬ፣ ‹ልጁ ራሱ› ብለው ምን ሊሉ ነበር?»

«ምንም።»

«በማርያም ይጨርሱት!»

«ምን አፌን ላሟርት?» አሉ እትዬ ሮማነወርቅ፣ ድምፃቸው ተሰብሮ። «ክርስትና ባልተነሣ ልጅ ላይ ወፍ ነው ብዬ ላሟርት? ከትናንት ጀምሮ እኮ እያየሁት ነው። ቀይ ነው፣ ቀይ ነው ብዬ ራሴንም ዋሸሁ። ቢጫ ነው፣ ልጄ። ዓይኑ እርድ መስሏል።»

የወፍ በሽታ! የሰው ልጅ ዓይን የሚያበጫውን ሕመም ሰፈሩ ሁሉ የሚፈራው በዚህ ስሙ ነው። ብርቅዬ ነጠላ አልጠየቀች፣ ጫማ አልጠየቀች። ልጁን ደረቷ ላይ ለጥፋ ወጣች። ምቹም ቀረ፣ የሰው ዓይንም ቀረ። እትዬ ሮማነወርቅ «አማኑ! አማኑ!» እያሉ ከፊት ከፊቷ ሮጡ።

አማኑ የሰፈሩ ባለ ባጃጅ ነው። አስገብቷቸው ገና ሳይነሣ ዞር ብሎ ልጁን አየው።

«ወንድሜ፣ ምን ይመስልሃል?» አለችው ብርቅዬ። አሁን ያገኘችውን ሰው ሁሉ ነው የምትጠይቀው።

አማኑ ፊቱን መልሶ ባጃጁን አስወነጨፈው። ትንሽ ከሄዱ በኋላ ብቻ «ጀባዱ፣ እህቴ፣ በርቺ» አላት። ከዚያ የበለጠ የሚያስፈራ ነገር ሰምታ አታውቅም።

ጤና ጣቢያው ልጁን እንዳየ በአምቡላንስ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ላካቸው። እዚያ ዶክተር ዕድላዊት የምትባል ቀጭን ሴት ተቀበለቻቸው። ልጁን አስገልጣ ደረቱን በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ አየች፣ ከተረከዙ ደም አስወሰደች፣ ከዚያ ፊቷን ወደ ብርቅዬ አዞረች።

«መቼ ነው ቢጫ መሆን የጀመረው?»

«አላውቅም።»

«እሺ፣ ትናንት ፊቱ ላይ ብቻ ነበር ወይስ ሆዱም ነበረበት?»

«አላየሁም።»

«እናትየው፣ እግሩ ድረስ ወርዷል እኮ! አጠገብሽ አይደለም እንዴ የሚተኛው? ይሄ ነገር በዝቶ አንጎሉ ውስጥ ከገባ ልጅሽ ሊሰማ፣ ሊቆምም ላይችል ይችላል። መቼ እንደጀመረ ማወቅ አለብኝ!»

ብርቅዬ አፏን ከፈተች። ቤተልሄም መጥረጊያ ይዛ በዓይኗ ላይ ዞረች፣ አቶ እውነቱ ዞረ፣ የቤት ኪራዩ ዞረ። ከዚያ ልጇ እጁን በመርፌ ሲወጉት አለማልቀሱን አየችና ሁሉም ገደል ይግባ አለች።

«ቢጫ አይታየኝም!» ብላ ጮኸች። «ማስቲሽ ቀቢ ነኝ። ቢጫ ከዓይኔ ከጠፋ ቆየ። ሰው ጠየቅሁ፣ የጠየቅኋቸውም እንደኔው ናቸው!»

ዶክተሯ ልትሰድባት የከፈተችውን አፍ ዘጋች። ልጁን ቢጫውን የሚቀንሰው መብራት ሥር ካስተኛች በኋላ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። ማስቲሹን የሚያቀጥነው ፈሳሽ ከሽታው ጋር ገብቶ የዓይንን ነርቭ እንደሚጎዳ፣ ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚደክሙት ሰማያዊና ቢጫ እንደሆኑ፣ ሰውየው ራሱ ሳይታወቀው ዓመት ሊሠራ እንደሚችል ነገረቻት።

«ይመለሳል?» አለች ብርቅዬ።

«ከሽታው ብትርቂ ሊሻልሽ ይችላል። ላይመለስም ይችላል። ልዋሽሽ አልፈልግም።»

ወንዳፍራሽ በሩጫ ደረሰ፤ ልብሱ ገና ቫርኒሽ ይሸታል። ልጁ ዓይኑን ተሸፍኖ፣ ራቁቱን መብራቱ ሥር ተጋድሟል። አባትየው እጁን መስታወቱ ላይ አሳርፎ ቆመና «ይሄ አረንጓዴ መብራት ምን ያደርግለታል?» አለ።

ብርቅዬ ለእሷም አረንጓዴ ስለሚመስላት ምንም አልደነቃት። በዚያ የምታልፍ ነርስ ግን ቆም አለች። «አረንጓዴ? ሰማያዊ ነው እንጂ» አለች።

ባልና ሚስት ተያዩ። «አንተም?» አለችው ብርቅዬ በሹክሹክታ። ወንዳፍራሽ መብራቱን ያየዋል፤ ዓይኑን ያሻል፣ እንደገና ያየዋል። ትልቅ ሰው እንዲያ ሲፈራ ማየት ያስፈራል። ቴሌግራም ላይ «አታስቢ» ያላት ይህ ዓይን ነው።

እግዜር ይመስገን፣ የልጁ ደም በየምርመራው እየተሻሻለ ሄደ። ጡት ያዘ፣ አለቀሰ፤ ያ ልቅሶ ለብርቅዬ ከዕልልታ በላይ ነበር። ዶክተሯ አንጎሉ ስለመትረፉ አሁን ሙሉ በሙሉ መናገር እንደማይቻል፣ ሲያድግ ጆሮውን እንደሚያዩለት ነግራ አሰናበተቻቸው። «ቤት ሆናችሁ ግን እዩት፣ ሊመለስ ይችላል» አለች። ከዚያ ሁለቱንም ተራ በተራ አየቻቸውና «የሚያይላችሁ ሰው ፈልጉ» ብላ አረመች።

ቤት እንደገቡ ብርቅዬ ጋቢውን ከመስኮቱ ላይ ልትቀድደው እስኪደርስ ጎትታ አወረደችው። እትዬ ሮማነወርቅን እጃቸውን ይዛ ለመነቻቸው።

«ጠዋት ጠዋት ይዩልኝ። ቢጫ ከሆነ ቢጫ ይበሉ። ማሟረት አይደለም፣ እትዬ። ካልነገሩኝ ነው የሚሞትብኝ።»

«እነግርሻለሁ፣ በጊዮርጊስ» አሉ እትዬ ሮማነወርቅ።

በማግስቱ ጠዋት ልጁን በር ላይ ታቅፈው ወደ ፀሐይ አዞሩት። ብርቅዬ ልጇን አላየችም፤ የምታየው የሳቸውን ፊት ነው። ቅንድባቸውን፣ ከንፈራቸውን፣ ምራቅ ሲውጡ ጉሮሯቸውን። እትዬ ሮማነወርቅ አዩት። ቆዩ። ቆዩ እንጂ!

«ደህና ነው፣ ልጄ» አሉ በመጨረሻ።

«እውነትዎን ነው?»

«ደህና ነው አልኩሽ!» አሉና በነጠላቸው ጫፍ ፊቱን ከለል አደረጉት።

እውነታቸውን ይሆናል። ግን ያን ጊዜም «ቀይ ነው» ብለው ስቀዋል፤ በደግነት ነው የዋሹት፣ በፍቅር ነው የዋሹት። ደግ ሰው እውነቱን ሲናገርና ሲያባብል ፊቱ አንድ ነው፤ ብርቅዬ የቱ የቱ እንደሆነ በምን ትለይ? ልጁን ተቀበለቻቸው፣ አዘለችው፣ ወጣች። «ወዴት ነው በጠዋት?» ሲሏት አልመለሰችም።

ጤና ጣቢያው ገና መከፈቱ ነው። አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁ ሴቶች አሉ፤ ሁለቱ የፋብሪካውን ገዋን እንደለበሱ ናቸው። ያቺው አዋላጅ አየቻትና ደነገጠች።

«ትናንት አይደል ከሆስፒታል የወጣችሁት? ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነ ይሆናል።»

«ታዲያ ለምን አመጣሽው? ዓይኑን ማየት ነው እኮ።»

«ዓይኑን ማየት አልችልም። ቢጫ አይታየኝም፤ ማስቲሽ ወሰደው። አንቺ እይልኝ።»

ይህን ያለችው ጮክ ብላ ነው። ገዋን የለበሱት ሴቶች ቀና አሉ። አዋላጇ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ «ቀስ በይ እንጂ፣ ፋብሪካው ይሰማል» አለቻት።

«ይስማ።»

አዋላጇ ልጁን ወደ መስኮቱ ወሰደችው። ዓይኑን ገለጠች፣ አፍንጫውን ጫን አድርጋ ለቀቀች፣ መዳፉን አየች። ብርቅዬ እጆቿን አፏ ላይ አድርጋ ጠበቀች።

«ዛሬ ደህና ነው» አለች አዋላጇ። «ንጹሕ ነው። ሂጂና ተኚ።»

ብርቅዬ ልጇን ተቀብላ ወጣች። የግቢው በር ድረስ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ቤቷ ነው፤ ቤቷ ውስጥ ደግሞ እሷ አለች፣ ማታ ወንዳፍራሽ ይመጣል፣ ደጓ እትዬ ሮማነወርቅ አሉ። ተመልሳ መጥታ አግዳሚው ጫፍ ላይ፣ ገዋን ከለበሱት ሴቶች አጠገብ ተቀመጠች።

«ምነው፣ አልጨረስሽም?» አለቻት አዋላጇ ብቅ ብላ።

«ጨርሻለሁ» አለች ብርቅዬ፣ ልጇን ጠበቅ አድርጋ እንዳቀፈች። «ከሰዓት ደግመሽ እስክታዪልኝ እዚሁ ልቀመጥ።»